ታውሂሪ የተሰበሰበበት ክረምት

ረቡዕ፣ ጁን 9፣ 1982

ሰጡን! ሜልበርን ቆዳውን፣ ሲድኒ ልቡን።

የሙዚየማችን ኃላፊ አቶ ጎርደን ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። ጉልበቴን አመመኝ ሲሉ የሚውሉት ሰውዬ። "ኤልስፔት! ፈረሳችን ሊሰበሰብ ነው!" እያሉ ጮኹ። ሊሰበሰብ ነው ያሏት ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ማታ። እስቲ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ታውሂሪ የተወለደው ከወደባችን ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ስሙ በአገራችን ነባር ሕዝብ፣ በማዎሪዎች ዘንድ፣ የነፋስ አምላክ ስም ነው። ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ ሄደ፤ ያልወሰደው ዋንጫ የለም። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ገና በጉልበቱ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ሜልበርን ጋጣው ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ከፍተው አዩት፤ ምንም አላገኙም። ከዚያ ተካፈሉት። ቆዳው ውስጡ ተሞልቶ፣ የመስታወት ዓይን ገብቶለት እዚያው ሜልበርን ቆመ። ልቡን፣ ትልቅነቱ ጉድ ስላሰኘ፣ ሐኪሞች አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው ሲድኒ ወሰዱት። ማንም ያልፈለገው አፅሙ ወደ እኛ ወደ ፖርት ሃልክት መጣ። ያን አፅም በብሩሽ የማጸዳው እኔ ነኝ። ጎድኖቹን ከራሴ ጣቶች ይበልጥ አውቃቸዋለሁ።

ሦስቱን አንድ ላይ የምናሳይበት ኤግዚቢሽን መክፈቻው ኦገስት 1 ነው። በእኛ አገር የውድድር ፈረስ ሁሉ፣ መቼም ይወለድ መቼ፣ ልደቱ በዚያ ቀን ይቆጠራል። ሞቶም ቢሆን አንድ ዓመት ይጨመርለታል፤ የአቶ ጎርደን ቀልድ ነው።

ፖሊሱ ፊንሌይ በምሳ ሰዓት መጥቶ ነበር። ቆቡን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 12

የባሌ የኢዋን እናት እማማ ጄሲ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። "ክረምቱን ካንቺ ጋ ላሳልፍ" አሉ። አልጠራኋቸውም። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ግን ሲራመዱ እግራቸው እንደሱ ነው የሚረግጠው። ከኩሽና ሲመጡ በሰማኋቸው ቁጥር ቀና እላለሁ።

እራት ላይ፣ "ድንጋይ እናቁምለት ልጄ። ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ድንጋይ" አሉ።

"ለማን?" አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ክፉ ነገር ተናገርኩ። ግን ምኑን ነው ከድንጋዩ ሥር የምናስቀምጠው? በኤፕሪል፣ ባሕሩን ጉም ለብሶት ሳለ፣ ብቻውን በጀልባው ወጣ፤ የተመለሰልን የጀልባዋ በር ነው። ሰማያዊ በር። ፊንሌይ ጋራዤ ውስጥ አቁሞልኝ ሄደ።

ሰኞ፣ ጁን 28

ልቡ ደረሰ። ያመጣው ወጣት ሐኪም አውሮፕላን ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። "ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ምንድነው አሉኝ። ልብ ነው ስላቸው ቦታ ቀየሩ" ብሎ ይስቃል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሻዩን ጠጣና ሄደ።

ዱባ ያክላል። ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። የተቆረጡት የደም ሥሮች አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ያያሉ።

ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ሲናወጥ አየሁ። በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና አላለፈም፤ በመስኮት አይቻለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ጠርሙሱ ላይ አስደገፍኩ። ለካ ዊረሙ በሩ ላይ ቆሟል። አናጢያችን ነው፤ የመስታወት ሣጥኖቹን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፣ የኢዋንን ጀልባም የሚጠግነው እሱ ነበር።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም አይልም።"

"ታዲያ ምን ትሰሚዋለሽ እህቴ?"

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሰኞ፣ ጁላይ 12

ቆዳው መጣ። በመርከብ፣ በሣጥን፣ ሎርና ፕራውስ ከምትባል ጠባቂ ጋር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት። ሣጥኑን ራሷ ካልከፈተች ማንም እንዲነካ አትፈቅድም።

ክዳኑ ሲነሳ ሁላችንም የጠበቅነው የአሮጌ ዕቃ ሽታ ነበር። የወጣው ግን የላብ ሽታ ነው። የሮጠ ፈረስ ላብ፣ ገና ያልደረቀ። አቶ ጎርደን፣ "የመድኃኒቱ ነው መሰለኝ" አሉ። ሎርና ቀስ ብላ ክሩን ፈትታ ከአንገቱ ላይ ጨርቁን ስታነሳ ደረቱ ጥቁር ቡናማ፣ ልክ ትናንት እንደተቦረሸ ያብለጨልጫል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሸተው?" አልኳት፣ ብቻችንን ስንሆን።

"አይደለም" አለች። ቀጥላም፣ "እባክሽ አትጻፊው" አለችኝ፤ የዕቃውን ሁኔታ የምንመዘግብበትን ወረቀት ማለቷ ነው። እዚያ አልጻፍኩትም። እዚህ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 14

ዊረሙ ከአዳራሹ መውጫ ላይ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠ። የእነሱ የማዎሪዎቹ ወግ ነው፤ ከሞተ ጋር የቆየ ሰው ሲወጣ እጁን ይታጠባል፣ ያለዚያ ይከተለዋል።

አቶ ጎርደን፣ "ዊረሙ፣ ፈረስ እኮ ነው!" አሉት።

"ስሙን የነፋስ ጌታ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ያኔ ማን ጠየቀን? አሁን ውሃ ብቻ ነው የጠየቅኳችሁ።"

ታጠቡ፤ እያጉረመረሙ ግን ታጠቡ። ሎርናም ታጠበች። እኔ ጓንት አድርጌያለሁ ብዬ አለፍኩ። ዊረሙ ከኋላዬ፣ "እህቴ" ብሎ ጠራኝ። አልዞርኩም።

እርግጥ ነው ጓንት አድርጌ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁላይ 22

ትናንት የብርሃን መለኪያ ልገዛ ዱኒደን ወርጄ በረዶ መንገዱን ዘግቶብኝ እዚያው አደርኩ። ዛሬ ረፋድ ላይ ስደርስ አዳራሹ ውስጥ ጭቅጭቅ ነው።

አፅሙ በስተ ምዕራብ፣ ልቡ መሐል ላይ፣ ቆዳው በስተ ምሥራቅ፣ ፊቱን በሩ ጎን ወዳለው መስኮት አድርጎ ነው ያቆምነው። ሎርና ናት እንዲህ ይሁን ያለችው፤ የሚገባው ሰው ከፊት እንዲያየው። ዛሬ ጠዋት ሲከፍቱ ቆዳው ዞሯል። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ አፅሙን ያያል።

"የመቆሚያውን መንኮራኩር አላጠበቃችሁትም" አለች ሎርና።

"አጥብቄዋለሁ" አለ ዊረሙ። "አሁንም ጠብቆ ነው ያለው። ነይና ሞክሪው።"

"ወለሉ ዘንበል ብሎ ይሆናል" አሉ አቶ ጎርደን።

"ወለሉን እኔ ነኝ የሠራሁት!"

መለስነው። ሦስት ሆነን ነው የገፋነው፣ ከባድ ነው። ስንገፋው ፊቴ ከአንገቱ ጋር ተነካካ። ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 27

ፊንሌይ። በድጋሚ። በዚህ ጊዜ ቤት ድረስ።

"ወይዘሮ ኤልስፔት፣ አንድ መረብ ጎታች መርከብ ከቋጥኞቹ ማዶ የሆነ ነገር..." ብሎ ሲጀምር ምጣድ ጥጄ መጣሁ ብዬ ገባሁ። ምጣድ አልጣድኩም። በኩሽናው በር ሰማኋቸው፤ ለእማማ ጄሲ በዝግታ ይነግራቸዋል። እሳቸው፣ "እሷ ካልመጣች እኔም አልሄድም። ሚስቱ እሷ ናት" አሉት። ከዚያ በሩ።

ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል። ምንም አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። የበግ ጥብስ በላን።

መክፈቻው ደርሷል። ከመክፈቻው በኋላ ሁሉንም አስተካክላለሁ። ማለቴ የተከመረውን ሥራ ሁሉ።

እሑድ፣ ኦገስት 1

ሕዝብ! ሕዝብ! ከክራይስትቸርች፣ ከኢንቨርካርጊል፣ የት የት ድረስ። ሰልፉ ወደቡ ድረስ ወርዷል። አዳራሹ ውስጥ ግን ሲገቡ ዝም ይላሉ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። አባቶች ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አንዲት ሴትዮ ልጇን፣ "አትጩኺ፣ ትቀሰቅሺዋለሽ" ስትላት ሰማሁ፤ ከዚያ ራሷ ደንግጣ ወደ እኔ አየች።

ካሮት ያመጣሉ። ስኳር ያመጣሉ። ከሣጥኑ ሥር ያስቀምጡና ይሄዳሉ። እያነሳን ብንጥል ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ልጃቸው ደግፋቸው መጡ። ክሌም ራድ ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው የታውሂሪ ባልደራስ ነበሩ፣ ጋጣው ውስጥ ከጎኑ ነበር የሚተኙት። አቶ ጎርደን ደስ ብሏቸው ለጋዜጠኞች ሊያስተዋውቋቸው ሲጣደፉ ሽማግሌው ሰው ያለ አልመሰላቸውም፤ ከቆዳው ፊት ቆመው ምላሳቸውን ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ፈረስ እንደሚጠራ። አንዴ። ሁለቴ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሸሹ። "ውሰጂኝ" አሏት ልጃቸውን። "ውሰጂኝ፣ ሰማኝ።"

"አባዬ፣ ደክሞህ ነው።"

"ሰማኝ እኮ ነው የምልሽ! ለምን አንድ ላይ አመጣችሁት? ተበታትኖ አርፎ ነበር። እንዲህ ስታደርጉት መነሳት ያለበት ይመስለዋል።"

አልፈው ሲሄዱ ክንዴን ያዙ። እጃቸው እንደ ሕፃን ለስላሳ ነው። "አንቺ ነሽ የምትጠብቂው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ፊቴን አይተው አዘኑልኝ። ለምን እንዳዘኑልኝ እንጃ።

ሰኞ፣ ኦገስት 2

የቆዳው ግራ ጆሮ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የነበረው ወደ ጎን ዞሯል፤ ሽማግሌው ወደ ቆሙበት። ሎርና ሙጫና ቀጭን ጨርቅ ይዛ ግማሽ ቀን ስትጠግነው ዋለች። ሕዝቡ ሲበዛ አየሩ ረጥቦ ቆዳው ተሳስቦ ነው አለችኝ። መለኪያዋን አየሁት። አየሩ አልረጠበም።

ዓርብ፣ ኦገስት 13

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፣ የትምህርት ቤት ልጆች እየመጡ ነው።

ስኳሩ ጠዋት የለም። አይጥ ነው።

ክንዴ ላይ ሰማያዊ ምልክት። ከሣጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጭቼ ይሆናል።

እማማ ጄሲ፣ "ጫማሽ በር ላይ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት" አሉኝ። ትናንት ዘነበ አልኳቸው። ትናንት አልዘነበም፣ ጤዛ ነበር። ጤዛም ያረጥባል።

ሐኪም ዘንድ ሂጂ ይሉኛል። እንቅልፍ እየተኛሁ ነው እኮ። እንዲያውም ከመቼውም በላይ። ራሴን ትራሱ ላይ ሳሳርፍ ድብን ብዬ እተኛለሁ፤ የምነሳው ኮቴን እንደለበስኩ ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 19

ጽሑፌ አስቀያሚ ነው፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አዳራሹን የከፈትነው እኔና ሎርና ነን። መሐል ላይ ያለው ሣጥን ባዶ ነበር። ልቡ የለም። ሎርና ወደ ባዶው ሣጥን ሮጠች። እኔ ነኝ ያገኘሁት፤ ወዲያው ነው ያየሁት፣ የት እንዳለ ሳልፈልግ።

የአፅሙ ሣጥን አንዱ ጎን መስታወት ተነስቶ ግድግዳው ላይ በጥንቃቄ ተደግፏል። ከአፅሙ ሆድ ሥር ከቢሮ የመጣ ረጅም በርጩማ ቆሟል፤ በርጩማው ላይ ጠርሙሱ። ቁመቱ ጠርሙሱን ጎድኖቹ መሐል ከፍ አድርጎታል። ልቡ ልክ ልብ መሆን በሚገባው ቦታ ነው። ጣት የምታህል እንኳ ዝንፍ አላለም። ከመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ በፈሳሹ ውስጥ አልፋ ጎድኖቹን ከውስጥ ቀይ አድርጋቸዋለች።

ምንም ነገር አልተሰበረም። አንድ አጥንት አልተነካም።

ቆዳውም ዞሮ ያያል።

ከሎርና አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል፣ "እንዴት ያምራል" የሚል ነው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ አቶ ጎርደን መጥተው መጮህ ጀመሩ።

ዓርብ፣ ኦገስት 20

ዊረሙን ከሥራ አገዱት።

ቁልፉ ያለው እኔ ጋ፣ አቶ ጎርደን ጋ፣ እሱ ጋ ነው። መስታወቱን ሳይሰብር ማንሳት የሚችል የሠራው ሰው ነው። ደግሞም በሻይ ሰዓት፣ "ከሰበሰባችሁት አይቀር አንድ አድርጋችሁ ቅበሩት" ሲል ሁሉም ሰምቶታል። ሜልበርን ዛሬውኑ ጭና ትመለስ ብለዋል፤ ሎርና ጥቂት ቀን ለምናለች።

አቶ ጎርደን፣ "እውነቱን ንገረኝ ዊረሙ፣ ልከላከልልህ እችላለሁ" አሉት።

"እውነቱን ነግሬዎታለሁ። እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

ዊረሙ እኔን አየኝ። በቁጣ አይደለም። ጀልባ ሲጠግን የበሰበሰውን እንጨት ዳስሶ እንደሚያይ ነው ያየኝ። ከዚያ መሣሪያውን ሰብስቦ፣ እጁን ሳህኑ ላይ ታጥቦ ወጣ።

ለምን ዝም አልኩ? ልናገር የምችለው ምን ነበር? ቤቴ ነበርኩ። ተኝቼ ነበር። እማማ ጄሲ ምስክር ናቸው።

እጅጌዬ የጠርሙሱ ፈሳሽ ይሸታል። ሥራዬ እኮ ነው፣ ሁልጊዜ ይሸታል።

እሑድ፣ ኦገስት 22

እማማ ጄሲ ድንች ሲልጡ ቢላውን አስቀመጡና፣ "ተቀመጪ" አሉኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም።

"ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ከዚያ በፊትም አይቼሻለሁ። ኮትሽን በሌሊት ልብስሽ ላይ ደርበሽ። መጀመሪያ ሳናግርሽ አልመለስሽልኝም። ዓይንሽ ክፍት ነው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁሽ" አሉ። "በሰባ ዓመቴ በራሴ ምራት። ሐሙስ ስትገቢ ግን ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም አልኩ።

"'ገጥሟል' አልሽ። እየሳቅሽ። 'እማማ፣ ገጥሟል፣ አሁን ይነሳል' አልሽኝ። እኔ ፈረሱን መስሎኝ ነበር።" አፍንጫቸውን በመሐረባቸው ያዙ። "ልጄ፣ የእኔም ልጅ እኮ ነው። ዱኒደን ሆስፒታል ውስጥ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣ እኔ እዚህ ድንች እልጣለሁ፣ አንቺ ፈረስ ትገጥሚያለሽ። የሚሉት እግሩንና ወገቡን ነው። ያን ያህል ነው ያገኙት። ያም እሱ ከሆነ ነው፤ ማን ያውቀዋል ካንቺ በቀር?"

ተነስቼ ወጣሁ። ጋራዥ ገባሁ። በሩ እንደቆመ ነው። ከፈትኩት። ከጋራዡ ግድግዳ ሌላ ከኋላው ምንም የለም። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት።

ሰኞ፣ ኦገስት 23

አቶ ጎርደንን ቢሯቸው ገብቼ፣ "እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ምን?"

"ጠርሙሱን ያስገባሁት። አላስታውሰውም። ግን እኔ ነኝ። ዊረሙን ይጥሩት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "በርጩማው" አሉ በመጨረሻ፣ "ከቢሮሽ የወጣ መሆኑን ያን ቀን አውቄያለሁ። እንዳልሆነ አድርጌ አለፍኩት። እኔም አፈርኩ ኤልስፔት።" ከዚያ ኮታቸውን አነሱና በራሳቸው እግር ወደ ዊረሙ ቤት ሄዱ፣ በዚያ ጉልበታቸው።

ለሎርና ስነግራት ወደ ሜልበርን በሚልኩት መልእክት ላይ የእኔ ስም ሳይሆን "የሠራተኛ ስህተት" ተብሎ እንደሚጻፍ ነገረችኝ። "እኔ ሜልበርን ማታ ብቻዬን ስዘጋ ፈረሱን ደህና እደር እለዋለሁ" አለች። "አንድ ማታ ዘንግቼ ወጣሁ። ከመንገድ ተመልሼ ገብቼ ተናገርኩት። ስለዚህ እኔ ባንቺ ላይ አልፈርድም።"

"ቆዳውንም ያዞርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም" አልኳት።

አሰበች። "የዞረ ጊዜ እኮ ዱኒደን ነበርሽ። በረዶ ይዞሽ።"

ተያየን። ብቻዬን ሦስት ሰው የሚገፋውን ማዞር እንደማልችል ሁለታችንም አልተናገርንም። ወደ አዳራሹ ገብተን ቆዳው አጠገብ ቆምን። ዛሬ ወደ መስኮቱ ነው የሚያየው። የላቡ ሽታ የለም።

ስወጣ ሳህኑ ጋ ጓንቴን አወለቅኩና እጄን ታጠብኩ። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል።

ከቢሮ ፊንሌይ ጋ ደወልኩ። "መቼ መሄድ ይቻላል?" አልኩት። "እርስዎ ባሉ ጊዜ" አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። ለካ እሱም ይኸን ያህል ጊዜ ተሸክሞት ኖሯል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 26

ፊንሌይ በመኪናው ወሰደን። እማማ ጄሲ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን ሁሉ ስለ በግ ዋጋ አወሩ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መብራቱ ከእኛ አዳራሽ ይሻላል። ሐኪሙ ወፍራም፣ ደግ ሰውዬ፣ "ማየት የለብዎትም፤ ስለ አካሉ ምልክት ቢነግሩኝ ይበቃኛል" አለኝ።

"ሥራዬ አጥንት ነው" አልኩት። እውነት ነው፤ ግን ያን ስናገር የራሴን ድምፅ ፈራሁት።

ነጭ ጨርቁን አነሳ። ባሕር ያጸዳው አጥንት እንዴት ነጭ ነው! ዳሌ። ሁለት የጭን አጥንት። አንድ ቅልጥም። ሌላው ጠፍቷል። ቦት ጫማው ውስጥ የነበሩት ትንንሾቹ ለብቻቸው በሳህን።

ቅልጥሙ ላይ ከጉልበቱ በታች እብጠት አለ፤ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ የገጠመ። የመርከብ ገመድ መጠቅለያ ነው የሰበረው፣ ከመጋባታችን በፊት። ሐኪም ቤት ሳይሄድ በሁለት እንጨት አስሮ ዳንኩ አለ። ብርድ ሲሆን አልጋ ውስጥ እዚያች ላይ እጄን እንዳስቀምጥለት ይፈልግ ነበር። ይኸን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለማን ይነገራል?

ያለ ጓንት እጄን አስቀመጥኩባት። ሐኪሙ ሊከለክለኝ አፉን ከፈተና ተወው።

"እሱ ነው" አልኩ።

እማማ ጄሲ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ቀረብ ብለው ሳህኑ ውስጥ ያሉትን የጣት አጥንቶች አዩ። "ሲወለድ" አሉ፣ "መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነበር። በእግሩ ነው የመጣው።" ከዚያ ሁለታችንም፣ እዚያው ሐኪሙ ፊት፣ ከኤፕሪል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸን አለቀስን።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 28

የሬሳ ሣጥኑን ማን ይሥራው ሲባል ሌላ ሰው አልታሰበኝም። ከሰዓት በኋላ ዊረሙ ዎርክሾፕ ሄድኩ። ሬዲዮው የውድድር ውጤት ያወራል፤ ስገባ አጠፋው።

"በእኔ ምክንያት..." ብዬ ልጀምር ስል፣ "ተይው እህቴ" አለኝ። "እኔም አውቄ ነው የታገድኩት። ካልነቃሽ በስተቀር ማን ቢነግርሽ አትሰሚም ነበር።" ሻይ ቀዳልኝ። ስለ እንጨቱ ተነጋገርን፤ ሪሙ የሚሉት ቀይ እንጨት አለው፣ ለጀልባ ያስቀመጠው።

ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በጣቶቹ መሐል አሽከረከረው። ሊጠይቀኝ የከበደው ነገር ገባኝ። ያገኙትን ያህል እሱም ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ትንሽ ሣጥን ይበቃል። በእቅፍ የሚያዝ።

"ርዝመቱን ምን ላድርገው?" አለኝ ወለሉን እያየ።

"የሱን ቁመት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ጀልባው ጣራ ሥር አብረን ስንቆም ከእኔ አንድ ጣት ይበልጥ ነበር።"

"እንደሱ አድርገው" አልኩት። "ሙሉ።"

መለኪያውን ፈለገ፤ ኪሱን ዳበሰ፣ ጠረጴዛውን ዳበሰ፣ አጣው። ወይም ያጣ መሰለ። ጠመኔ አንስቶ ሰጠኝና፣ በዚያ ትልቅ ሰውነቱ፣ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ በጀርባው ተጋደመ። ተረከዙን ከግድግዳው አስጠጋ፣ እጆቹን ጎንና ጎኑ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይመታል።

ተንበረከክሁ። ከራሱ በላይ ጣቴን አጋድሜ ለካሁና መስመሩን አሰመርኩ።

እንደተኛ ነው፤ ትንፋሹ አይሰማም። ትንሽ ፈራሁ።

"በቃ ዊረሙ" አልኩት። "ተነሳ። አንተ ተነሳ።"